የታሸ ሱፍ ትልቅ የእጅ ሥራ ቦርሳ አሠራር

ስፌት፣ ጥልፍ ወይም ዳንቴል ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰው ዕቃው ፌስታል ውስጥ ምን እንደሚሆን ያውቀዋል። ወስፌው ፌስታሉን በስቶ ይወጣል፣ ልቃቂቱ ከስንደዶው ጋር ይተበተባል፣ የተጀመረው ሥራ ከሥር ተጨማዶ ይቀራል። እንደ ሹራብ ከሱፍ ክር ተሠርቶ በሙቅ ውሃና በሳሙና የታሸ ቦርሳ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ሲታሽ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚወፍር የመርፌ ጫፍ በቀላሉ አያልፈውም፤ ባዶውን ይቆማል፤ በመቀስ ቢቆረጥ እንኳ አይተረተርም።

የምንሰጠው ልክ ሲያልቅ 43 ሳ.ሜ ርዝመት፣ 16 ሳ.ሜ ስፋትና 35 ሳ.ሜ ቁመት ላለው ቦርሳ ነው። ሰፌድ አይገባበትም፤ በሥራ ላይ ያለ ሙዳይ ከነሣሩ፣ እንዝርትና ባዘቶ፣ ወይም ለአንድ ትልቅ ሹራብ የሚበቃ ክር ግን በደንብ ይይዛል። ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። አንድ ቀጥ ያለ ቁራጭና ዙሪያውን የሚነሣ ግድግዳ ነው፤ አንድ ሹራብ የጨረሰ ሰው ይወጣዋል። የሚያስቸግረው ውሃው ላይ ነው፤ ምክንያቱም የታሸ ሱፍ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ያነሰው እንዳነሰ፣ የተጣመመው እንደተጣመመ ይደርቃል። ስለዚህ ከመርፌው ይልቅ በክር ምርጫው፣ በናሙናውና በእሽቱ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

ክሩ

ቦርሳው የሚሠራው ከንጹሕ የበግ ሱፍ ክር ብቻ ነው። የሱፍ ጠጉር ላዩ በዓይን በማይታይ ቅርፊት የተሸፈነ ነው፤ ሙቀትና ሳሙና ሲያገኘው ቅርፊቱ ይከፈታል፣ ሲታሽ ደግሞ አንዱ ጠጉር ሌላውን እየነከሰ ይጠጋጋል። ጥጥ ይህ ቅርፊት የለውም። ጋቢ ስንት ጊዜ ቢረገጥ ጋቢ ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ነው። አክሪሊክም እንዲሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቢታሽ አይጠጥርም።

ችግሩ ገበያ ላይ «ሱፍ» ተብሎ የሚሸጠው ክር አብዛኛው አክሪሊክ ወይም ድብልቅ መሆኑ ነው። ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ወጥታችሁ ስትገዙ ቀለሙ ደስ ስላላችሁ ብቻ ሰባት ቱባ አትሸከሙ። መጀመሪያ አንድ ቱባ ግዙና ጣት የሚያህል ክር ቆርጣችሁ በክብሪት ለኩሱት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቁት ቶሎ ይጠፋል፣ የሚቀረው ጥቁር አመድ በጣት ሲነካ ይደቅቃል። አክሪሊክ ከሆነ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም እንደ ዶቃ ደርቆ ይቀራል። ከጠጉር ሽታው ጋር የደረቀ ፍሬ ካገኛችሁ ድብልቅ ነው፤ እሱንም ተዉት።

ንጹሕ ሱፍ ሆኖም የማይታሽ አለ። ወረቀቱ ላይ ሱፐርዋሽ የሚል ወይም በማሽን ሊታጠብ እንደሚችል የሚገልጽ ክር ቅርፊቱ በኬሚካል ተልጧል ወይም ተሸፍኗል፤ ለልጅ ሹራብ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን ከአክሪሊክ አይሻልም። በጣም የነጣ ነጭ ክርም ይጠርጠር፤ ማንጫው ሱፉን ስለሚጎዳው ከሌላው ቀለም ዘግይቶ ይጠጥራል፣ አንዳንዱም ጨርሶ አይጠጥርም። ነጭ ከፈለጋችሁ ወደ ክሬም የሚያደላውን የተፈጥሮ ነጭ ውሰዱ።

እጅ ፈትል ለሚመርጥ ደግሞ፦ ባሕር ዳር ዙሪያና ምዕራብ ጎጃም የሚረባው የዋሸራ በግ ጠጉሩ አጭር ስለሆነ ለክር አይሆንም። ሱፉ ያለው ደጋ ላይ ነው፤ ለእኛ ቅርቡ የደቡብ ጎንደሩ የፋርጣ በግ ነው፣ ራቅ ሲል ባና የሚሠራበት የመንዝ በግ አለ። ይህ ሱፍ ሻካራ ነው። ለአንገት ልብስ አይመከርም፤ ለቦርሳ ግን ሻካራነቱ ጥንካሬ ስለሚሆን እኛ እንመርጠዋለን። ከመፈተሉ በፊት ወፍራምና ድርቅ ያሉትን ጠጉሮች ለቅማችሁ አውጡ፤ እነሱ አይያያዙም፣ ቦርሳው ካለቀ በኋላም ሲረግፉ ይኖራሉ። እንዝርቱን ስታሾሩ ክሩን ከመጠን በላይ አታክርሩት። በጣም የከረረ ክር ጠጉሩ ስለሚታሰር በእሽት ጊዜ እርስ በርሱ አይደርስም። ላላ ያለ ፈትል ቶሎ ይታሻል።

መጠኑ ይህን ያህል ነው፦ ከ100 ግራም ቱባ 200 ሜትር ገደማ የሚወጣው መካከለኛ ክር፣ 700 ግራም፣ ማለትም ሰባት ቱባ። ለቦርሳው አካል ወደ 480 ግራም፣ ለሁለቱ ማንገቻዎች 50፣ ለናሙና 30፣ ለውስጥ ኪስ 30 ይሄዳል፤ የቀረው ለጥገና ይቀመጣል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግዙ። አንድ ዓይነት የሚመስል ቀለም በሌላ ጊዜ ሲገዛ የቀለሙ ልዩነት ከእሽት በኋላ ጎልቶ ይታያል፤ ይባስ ብሎም ሌላ ፋብሪካ የሠራው ክር በሌላ ልክ ይገባና የቦርሳው ግማሽ ጠባብ ግማሹ ሰፊ ይሆናል።

መርፌና ሌሎች ዕቃዎች

በገመድ የተያያዘ ክብ የሹራብ መርፌ፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ80 እስከ 100 ሳ.ሜ። ለዚህ ክር 8 ሚሊ ሜትር የተጋነነ ይመስላል፤ ሆን ተብሎ ነው። ክሩን ሁለት ደርበን ላላ አድርገን ነው የምንሠራው፤ ጠጉሩ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ካላገኘ አይያያዝም። ጠበቅ አድርጎ የመሥራት ልማድ ያላችሁ 9 ሚሊ ሜትር ውሰዱ። ከዚህ ሌላ ሜትር፣ አራት መርፌ ቁልፍ፣ ወፍራም የሱፍ መስፊያ መርፌ፣ መቀስ፣ ወስፌ፣ ትልቅ ሳፋ፣ ሁለት ባልዲ፣ የላስቲክ ጓንት፣ የላስቲክ ቦቲ፣ አሮጌ የትራስ ልብስና ጠንካራ ካርቶን ያስፈልጋል።

ሹራብ የሚሠራ ሁሉ የየራሱ አጠራር ስላለው በዚህ መመሪያ ያሉትን ቃላት እንግለጽ። መርፌው ላይ ያለችውን እያንዳንዷን የክር ቀለበት ዓይን እንላታለን። ክሩ ከኋላ ሆኖ መርፌው ከፊት ወደ ኋላ ሲገባ ቀጥታ፣ ክሩ ከፊት ሆኖ መርፌው ከኋላ ወደ ፊት ሲገባ ግልባጭ እንላለን።

ናሙናውን አትዝለሉት

ክሩን ደርባችሁ 28 ዓይን ጀምሩ፤ አንድ ረድፍ ቀጥታ፣ አንድ ረድፍ ግልባጭ እያደረጋችሁ 38 ረድፍ ሥሩና ዝጉት። ለኩትና ጻፉት። ክራችሁና እጃችሁ ከእኛ ጋር ከተስማማ 25 ሳ.ሜ ተኩል ስፋትና 25 ሳ.ሜ ቁመት ይኖረዋል፤ 10 ሳ.ሜ ላይ 11 ዓይንና 15 ረድፍ ማለት ነው። ከዚያ ኋላ በምናሳየው መንገድ እሹት፣ አድርቁትና እንደገና ለኩት። የደረቀውን ነው መለካት ያለባችሁ፤ እርጥብ ሱፍ ይለጠጣል፣ ልኩም ያታልላል።

ስፋቱ ወደ 20 ሳ.ሜ፣ ቁመቱ ወደ 16 ሳ.ሜ ተኩል ሲወርድ ታያላችሁ። ስፋቱ ከአምስት እጅ አንዱን ገደማ ሲያጣ፣ ቁመቱ ከሦስት እጅ አንዱን ያጣል። የሹራብ ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ከስፋቱ ይልቅ በቁመቱ ይገባል። ይህን የማያውቅ ሰው ያልታሸውን ቦርሳ ሲያየው ረዘመብኝ ብሎ 55ኛው ዙር ላይ ያቆማል፤ ታሽቶ ሲወጣም ጥልቀት የሌለው ትሪ ይሆንበታል።

የናሙናው ልክ ከእኛ ከተለየ ቁጥሩን ራሳችሁ ታወጣላችሁ። 28 ዓይን ለ20 ሳ.ሜ ሲካፈል ለአንድ ሳ.ሜ 1.4 ዓይን ይሆናል፤ 38 ረድፍ ለ16.5 ሲካፈል 2.3 ረድፍ። የቦርሳው ዙሪያ 118 ሳ.ሜ ነው፤ በ1.4 ሲባዛ 165 ዓይን ይመጣል፣ እኛ ጎዶሎ እንዳይሆን 164 አደረግነው። ቁመቱ 35 ሳ.ሜ ነው፤ በ2.3 ሲባዛ 81 ዙር ይሰጣል። በ1.4 እና በ2.3 ቦታ የናሙናችሁን አስገቡ።

ናሙናው ሌላም ጥቅም አለው። 30 ደቂቃ ታሽቶ ዓይኑ አሁንም ፍንትው ብሎ የሚታይ ከሆነ ክሩ አይታሽም ማለት ነው፤ ያጣችሁት አንድ ምሽት ብቻ ነው። ቀለሙ ውሃውን ካቀላው ወይም ካጠቆረውም እዚሁ ታውቁታላችሁ፤ እንደዚያ ያለውን ከነጣ ቀለም ጋር አታዋህዱት። ናሙናውን አትጣሉት፣ የወስፌ ሰገባ ይሆናል።

መቀመጫው

በድርብ ክር 22 ዓይን ጀምሩ። በሁለቱም በኩል ቀጥታ ብቻ እየሠራችሁ 120 ረድፍ ሂዱ። ሁለት ሁለት ረድፍ ላይ እንደ እርሻ ትልም ያለ አንድ ጎርበጥ ያለ መስመር ይወጣል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ጎን 60 ትልም መቁጠር አለባችሁ። ይህ አሠራር ከሌላው ስለሚወፍር ክብደት ለሚያርፍበት ቦታ ይስማማል። አሁን 20 በ55 ሳ.ሜ ይሆናል።

አትዝጉት። መርፌው ላይ ያሉትን 22 ዓይን ቀጥታ ሥሩና ወደ ረጅሙ ጎን ዙሩ፤ በእያንዳንዱ ትልም ጫፍ ላይ መርፌውን እያስገባችሁ አንድ አንድ ዓይን አንሡ፣ 60 ይሆናል። ከመጀመሪያው ጠርዝ 22፣ ከአራተኛው ጎን 60 አንሡ። ድምሩ 164 ነው። በአራቱ ማዕዘን ላይ መርፌ ቁልፍ ሰኩ። ስታነሡ ከጠርዙ ላይ ያለውን አንዱን ክር ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም ክር ያዙ፤ በአንዱ ብቻ የተነሣ ዓይን ይለጠጥና ማዕዘኑ ላይ ቀዳዳ ይፈጥራል። መቁጠራችሁን አትርሱ፤ አንዱ ረጅም ጎን 60 ሌላው 57 ከሆነ ቦርሳው ሲደርቅ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

ግድግዳው

ከዚህ በኋላ ዙር ብቻ ነው፤ 75 ዙር ቀጥታ። ግልባጭ የለበትም፣ ወሬ እየተጨዋወቱ የሚሠራ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው መጀመሪያው ዙር ላይ ነው፦ ዓይኖቹ ገመዱ ላይ ተጠማዘው ከሆነ ዙሩ ከተገጠመ በኋላ መፍታት እንጂ ማስተካከል አይቻልም።

ክር ሲያልቅ አትቋጥሩ። ቋጠሮ አይታሽም፣ ቦርሳው ሲያልቅ እንደ ጠጠር ይጎረብጣል። የአሮጌውንና የአዲሱን ክር ጫፍ ስድስት ስድስት ሳ.ሜ ያህል ፍቱ፣ አደራርቡ፣ በውሃ ወይም በምራቅ አርጥባችሁ በሁለት መዳፍ መካከል እስኪሞቅ ድረስ በኃይል እሹት። አንድ ክር ይሆናል። በነገራችን ላይ ይህ ራሱ የሱፍ መፈተኛ ነው፤ በመዳፍ ካልተያያዘ ሳፋ ውስጥም አይያያዝም።

በ76ኛው ዙር ስምንት ቦታ ላይ፣ በእኩል ርቀት፣ ሁለት ዓይን በአንድ እየሠራችሁ ወደ 156 አውርዱ። አፉ የሚላላው ይህ ሲቀር ነው። ከዚያ አምስት ዙር ግልባጭ፣ ቀጥታ፣ ግልባጭ፣ ቀጥታ፣ ግልባጭ ሥሩ፤ ጠርዙ ወደ ውጭ እንዳይጠቀለል ይረዳል። ስትዘጉ በልኩ ይሁን። በጣም የጠበቀ መዝጊያ አፉን እንደ ከረጢት ይሰበስበዋል፣ የላላው እንደ ቀሚስ ጫፍ ያርገበግበዋል።

ክብ መርፌ ያጣ ሰው ግድግዳውን ለሁለት ቁራጭ ከፍሎ ገመድ በሌላቸው ሁለት ቀጥ ያሉ መርፌዎች ሊሠራው ይችላል፤ ለእያንዳንዱ 84 ዓይን፣ ከነዚህ ሁለቱ ለስፌቱ ነው። ቀጥታና ግልባጭ እያፈራረቀ ሄዶ ማሳነሻውን በየቁራጩ አራት ቦታ ያደርጋል። ከዚያ ጎኖቹንና መቀመጫውን በዚያው በሱፍ ክር ይሰፋል። በጥጥ ክር ከተሰፋ ግን ሱፉ ሲገባ ጥጡ ባለበት ይቀራል፤ ስፌቱም ተሸብሽቦ ይወጣል።

ለኪሱ 22 ዓይን ጀምራችሁ 45 ረድፍ ሥሩ፤ ለብቻው ይታሻል፣ ኋላ ይሰፋል። ከቦርሳው ጋር ሰፍታችሁ ብታሹት ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ኪስነቱ ይቀራል።

ማንገቻው ድቡልቡል ገመድ ነው። 6 ዓይን ጀምሩና ቀጥታ ሥሩ፤ ሥራውን ሳትገለብጡ ዓይኖቹን ወደ መርፌው ሌላኛ ጫፍ ግፏቸው፣ ክሩን በጀርባ በኩል ሳብ አድርጋችሁ እንደገና ቀጥታ ሥሩ። 130 ረድፍ ሲደርስ ዝጉት። 86 ሳ.ሜ ይሆናል፣ ታሽቶ 60 ገደማ። ሁለት ሥሩ።

የክር ጫፎችን ሁሉ በመርፌ ስምንት ስምንት ሳ.ሜ ወደ ውስጥ አስገቡ። አሁን ቦርሳውን መስኮት ላይ አንሥታችሁ በብርሃን ዙሪያውን እዩት። ያመለጠ ዓይን ካለ ብርሃን ያሳብቃል። አሁን በአንድ ስንዝር ክር ይያዛል፤ ከታሸ በኋላ ግን ቀዳዳው ዙሪያው ጠጥሮ የቆየ ቁስል ይመስላል። በመጨረሻም በነጭ የጥጥ ክር የአፉን ጠርዝ ዙሪያውን ሰፋ ባለ ስፌት ነቅሱትና ሳትስቡ ቋጥሩት። በእሽት ጊዜ አፉ እንዳይከፈት ይይዘዋል፤ ጥጥ ስለማይጣበቅ ሲያልቅ ተስቦ ይወጣል።

እሽቱ

ጣና ዳር ያለን ሰዎች ማወቅ ያለብን ነገር አለ። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ሌላ አገር የተጻፈ የመቀላቀያ ልክ እዚህ ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል። የምንፈልገው 60 ዲግሪ ነው። ከፈላው 12 ሊትር ከቧንቧው 8 ሊትር ብትቀላቅሉ፣ ሳፋውና እርጥቡ ሱፍ የሚወስዱት ሙቀት ተቀንሶ 60 አካባቢ ይመጣል። ቴርሞ ሜትር የሌለው ሰው መለኪያው እጁ ነው፦ ባዶ እጅ ገብቶ ሁለት ሦስት ሰከንድ የማይታገሠው ውሃ ነው። ከ40 ዲግሪ በታች ከወረደ ሥራው ይለግማል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚቀየር 30 ሊትር ያህል የፈላ ውሃ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ሳሙናው ተራ የልብስ ደረቅ ሳሙና ቢሆን ይሻላል። ለ20 ሊትር ከመደበኛው ሳሙና ሩቡን ፈቅፍቃችሁ አሟሙት። ፈሳሽ የዕቃ ሳሙናም ይሠራል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ። አረፋው ከበዛ ጠጉሩ ይንሸራተታል እንጂ አይነካከስም። በረኪና ጠብታ እንኳ አይግባ። በረኪና ሱፍን ያሟሟል፤ ቦርሳውን ሳይሆን አተላውን ነው የምታወጡት። ኢንዛይም ያለበት የዱቄት ሳሙናም ሱፍን ይበላል።

ቦርሳውን በትራስ ልብስ አስገብታችሁ አፉን እሰሩ፤ የሚረግፈው ጠጉር እዚያው ይቀራል። ማንገቻዎቹን በየብቻቸው በአሮጌ ካልሲ ውስጥ አድርጉ፤ አብረው ከገቡ ቦርሳው ላይ ይጠመጠሙና ይጣበቃሉ። ጓንትና ቦቲ አድርጉ። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ በእጅ ቀስ እያላችሁ ጫኑት፣ ሱፉ ውሃውን ይጠጣ። ከዚያ ሳፋው ውስጥ ገብታችሁ በቦቲ እርገጡት፤ ጋቢ እንደሚረገጠው፣ ግን በየጊዜው እያገላበጣችሁ። ሳፋው ከአንድ ሰው ክብደት በላይ የማይሰነጠቅ ይሁን፣ መሬቱም የማያንሸራትት።

በየአምስት ደቂቃው አውጡት። ይህን አንድ ጊዜ መዝለል ቦርሳውን ሊያሳጣችሁ ይችላል። የፊትና የኋላ ግድግዳው እርስ በርስ እንዳይጣበቅ እጃችሁን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ አላቅቁት፣ የታጠፈበትን ቦታ ቀይሩ፣ ማዕዘኖቹን ሳቡ። አንድ መስመር ላይ ታጥፎ 20 ደቂቃ የተረገጠ ሱፍ ያንን መስመር እንደ ጠባሳ ይዞት ይቀራል።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ የተበላሸ ይመስላል። ቦርሳው ውሃ ጠጥቶ ይረዝማል፣ ይዘረጋል፣ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ይከብዳል። አትደንግጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ላዩ ላይ ጭጋግ የሚመስል ጠጉር ይነሣል፤ ዓይኖቹ ደብዘዝ ማለት ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ነው በፍጥነት መግባት የሚጀምረው፤ እንዲያውም በአሥር ደቂቃ ውስጥ አምስት ሳ.ሜ ሊያጥር ይችላል። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ በየሦስት ደቂቃው ለኩ። በእግር የሚደረግ እሽት እንደ ክሩ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል።

ማለቁ በሦስት ነገር ይታወቃል። የዓይኑ ቅርጽ ከአንድ ክንድ ርቀት አይታይም፤ በጣትና ጣት መካከል ስትቆነጥጡት አንድ ሉህ እንጂ ክርና ክር አይመስልም፤ ወደ ብርሃን ስታነሡት ቀዳዳ ነጥብ አይታይበትም። ልኩ ከደረሰ ግን ዓይኑ ትንሽ ቢታይም አቁሙ። ዓይን የሚታይበት ቦርሳ ያገለግላል፣ 25 ሳ.ሜ የቀረ ቦርሳ ግን መርፌም አይይዝም።

ቁመቱ ደርሶ ስፋቱ ካልደረሰስ? ሱፍ በሚንከባለልበት አቅጣጫ ይገባል። ሰሌን ላይ ዘርጉት፣ ሙቅ የሳሙና ውሃ አርከፍክፉበት፣ ከጎን ወደ ጎን ከነሰሌኑ ጠቅልላችሁ 50 ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ አንከባሉት፤ ስፋቱ ይቀንሳል። ለቁመቱም በተቃራኒው ነው። የአንድ ማዕዘን ብቻ መላላት ካለ ያንን ማዕዘን በልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ ላይ ለብቻው አሹት።

ላዩ የሚከፈት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያላችሁ በ60 ዲግሪ፣ ከሁለት አሮጌ ጂንስ ሱሪ ጋር አስገቡት፤ ቦርሳውን የሚያሸው ጂንሱ ነው። ፎጣ አታድርጉ፣ ጥጡን ቦርሳው ላይ ያራግፋል፣ የተጣበቀ ጥጥም አይለቅም። ውሃ የማያሞቅ ማሽን ከሆነ የተቀላቀለውን ውሃ በባልዲ ጨምሩበት። በየአምስት ደቂቃው አስቁማችሁ ተመልከቱ። መብራት ከሄደ እዚያው አትተዉት፤ አውጥታችሁ በእግር ቀጥሉ። የሚጨምቀውን ክፍል ከአንድ ደቂቃ በላይ አታሠሩት፣ በዚያ ፍጥነት የተጣጠፈ ሱፍ ሽብሽቡን ይዞ ይደርቃል።

ሲያልቅ በቀዝቃዛ ውሃ ውሃው እስኪጠራ ድረስ አለቅልቁት። በመጨረሻው 10 ሊትር ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምሩ፤ የቀረውን ሳሙና ይቆርጠዋል። እንዶድ የሚወድ ሰው በዚህ ቦታ ሊጠቀም ይፈልግ ይሆናል፤ እኛ አንመክርም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ ዓድዋ አካባቢ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩበት ምክንያት ያው የእንዶዱ አረፋ ነው፤ ዓሣንም ይገድላል። የሳሙናውንም ሆነ የማለቅለቂያውን ውሃ ሐይቁ ወይም ዓባይ ዳር አትድፉ፤ ከውሃ ርቆ መሬት ላይ ይፍሰስ።

አትጠምዝዙት። ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ጠቅልሉት፣ ላዩ ላይ ቁሙበት። በሌላ ደረቅ ፎጣ ድገሙት።

ቅርጽና ማድረቅ

ይህ ሰዓት የቦርሳውን መልክ ይወስናል። ካርቶኑን በ43፣ 16 እና 35 ሳ.ሜ ልክ ሣጥን አድርጋችሁ ቀድማችሁ አዘጋጁ፣ በፌስታል ሸፍኑት። እርጥቡን ቦርሳ አልብሱት። ጠበብ ካለ በኃይል ሳቡት፤ እርጥብ ሱፍ ሁለት ሦስት ሳ.ሜ ይታዘዛል፣ ከደረቀ በኋላ ግን እምቢ ይላል። የአፉን ነጭ ክር ሳታወጡ ጠርዙን በእጅ አስተካክሉ፣ ማዕዘኖቹን ቆንጥጡ። ማንገቻዎቹ ቀጥ ብለው በአንድ ልክ መድረቅ አለባቸው።

ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አድርቁት። የእኛ ፀሐይ ቀለም ይበላል፣ አንዱን ጎንም ቀድሞ አድርቆ ያጣምማል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል። በሐምሌና ነሐሴ ግን ሐይቁ ዳር አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ አምስት ስድስት ቀን ሊወስድ ይችላል፤ በየቀኑ ካርቶኑን አውጥታችሁ አራግፉት፣ ውስጡ ሻጋታ እንዳይሸት። የሚቻል ከሆነ መርፌውን በክረምት ጨርሱና እሽቱን ለጥቅምት አቆዩት።

መግጠም

ነጩን ክር ሳቡና አውጡ። ላዩ ላይ የተነሣውን ረዥም ጠጉር በመቀስ ከርክሙት።

ለማንገቻው በእያንዳንዱ ረጅም ጎን ከአፉ 4 ሳ.ሜ ዝቅ፣ ከማዕዘኑ 12 ሳ.ሜ ገባ ብላችሁ በወስፌ ብሱ። ወስፌው ጠጉሩን ገፋ አድርጎ ያልፋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ስለዚህ ቀዳዳው ማንገቻውን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። እርሳስ እያስገባችሁ አስፉት፣ የማንገቻውን ጫፍ ከውጭ ወደ ውስጥ አሳልፉና ወፍራም ቋጠሮ አድርጉ። ከባድ ዕቃ የሚሸከም ከሆነ ማንገቻው ይለጠጣል፤ ያን ጊዜ በባዶ ውስጡ ጠንካራ የናይለን ገመድ አሳልፋችሁ ጫፉን በጫማ ሰፊ ክር ከግድግዳው ጋር ስፉት።

ኪሱን በአንዱ ረጅም ጎን ውስጥ፣ ከአፉ 6 ሳ.ሜ ዝቅ አድርጋችሁ በሱፍ ክር ስፉ። ከታች ደግሞ 42 በ15 ሳ.ሜ የሆነ ቀጭን ኮምፔንሳቶ፣ ማዕዘኑ የተድበለበለ፣ አቡጀዲ ለብሶ ይቀመጥ። እሱ ከሌለ ክብደቱ መሐሉ ላይ ያርፍና መቀመጫው እንደ ጀልባ ሆድ ያብጣል።

አክርማና ስንደዶ ሲሰፋ የሚረጥበው ሣር በቀጥታ ቦርሳው ውስጥ አይግባ፤ ሱፍ እርጥበቱን ጠጥቶ ለረጅም ጊዜ ይይዘዋል፣ የአክርማው ቀለምም ይለቅበታል። በፌስታል ጠቅልሉት፣ ቤት ስትደርሱ አውጡት። ሱፍ ስለሆነ ብል ይወደዋል፤ ሳይነካ የተቀመጠውን ቀድሞ ይበላዋል። በወር አንድ ጊዜ ባዶ አድርጋችሁ አራግፉት፣ ለግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ገልብጡት። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት ሳሙና እየጫናችሁ እጠቡት፣ ሳታሹ። ከተቀመጠው ክር አንድ ልቃቂት እስከ መጨረሻው አስቀሩ፤ ማዕዘኑ ከዓመታት በኋላ ሲሳሳ ክሩን በትንሹ በትንሹ በጣት ነጭታችሁ ቦታው ላይ ደራርቡት፣ ሙቅ የሳሙና ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ጠጉሩ ከሥሩ ካለው ጋር እስኪያያዝ ድረስ በአውራ ጣት እሹት።